ቆላ ነው ደጋ ነው እያሉ ዩኒቨርስቲ ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያነበበው ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በቅድሚያ የወር መዋጮአችሁን ከፍላችሁ ወደ ቤታችሁ ሳትሮጡ ስለ ቆያችሁልን ኮሚቴው ያመሰግናል። በተለይም በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ገላን ጉራ የገባችሁ አባሎቻችን ታክሲ እየቀያየራችሁ ቂርቆስ ድረስ በመምጣታችሁ፣ ሰፈሩ ቢበተንም ማኅበሩ እንዳልተበተነ አሳይታችኋል።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር አይደለም። የዩኒቨርስቲ ምርጫ የሚሞላበት ጊዜ ስለ ቀረበ ስለ ልጆቻችን ነው። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሰዎች የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የዩኒቨርስቲን አጥር በውጭ አልፈን እንጂ ውስጡን አናውቀውም። ስለዚህ ሕክምና ይሻላል፣ ምህንድስና ይሻላል ብለን አንመክርም፤ እሱን ለመምህራኑ እንተዋለን። ብርድና ሙቀትን ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም፤ በጀርባችን የተሸከምነው ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ምርጫው ሲመጣ በየቤቱ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። እናት «ሰመራ እንዳትሞላ፣ ትቀልጣለህ» ትላለች። አባት «ጋምቤላ ወባ አለ» ይላል። ልጁ ደግሞ «ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ይሁን፣ አየሩ አሪፍ ነው፣ ሐይቅም አለ» ይላል። አክስት ከጓዳ ብቅ ብላ «ደብረ ብርሃን ይሻላል፣ ቅርብ ነው፣ ብርድ እንደሆነ ለምደነዋል» ትላለች። እንዲህ ሲባል ይመሻል። በየትኛው ዩኒቨርስቲ የትኛው ትምህርት እንዳለ ግን ሲነሣ አይሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱን የሠራነው እኛው ነን።

ነገሩ በ2016 ዓ.ም ነው። አንዲት እናት አባላችን ልጃቸው ቆላ አገር ላለ ዩኒቨርስቲ ተመድቦባቸው ወደ ኮሚቴው መጡ። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ምህንድስና እገባለሁ ብሎ ያለመ ልጅ ነው። እናቲቱ «እኔ እኮ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ለወባ ልስጠው ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኛም የማናውቀውን አገር እንደሚያውቅ ሰው ሆነን፣ «ይተዉት እትዬ፣ ዘንድሮ ይረፍ፣ በሚመጣው ዓመት ይቀየርለታል» አልናቸው። አመኑን።

የተቀየረ ነገር የለም። የምዝገባው ቀን አለፈ፣ ቦታውም አብሮ አለፈ። ልጁ ዓመት ሙሉ ከቤት ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን በዚያ ታክሲ ተሳፍረን ሒሳብ ሰጥተነው፣ መልሱንም ተቀብለን ወርደናል! ሒሳቡ አይሳሳትም፤ እኛ ግን ተሳስተናል።

በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ግቢ አንዲት ልጅም ለዚያው ዩኒቨርስቲ ተመድባ ነበር። አባቷ በውትድርና ዘመናቸው ቆላ አገር የኖሩ ናቸው። «ሙቀት ሰው አይገድልም፣ አለማወቅ ነው የሚገድል» ብለው አጎበር፣ ስስ ልብስና ነጠላ ጫማ ገዝተው ሸኟት። አንድ ጊዜ ወባ ይዟታል። በዕለቱ ተመርምራ መድኃኒቷን ወሰደች፣ ዳነችም። ትምህርቷን እስካሁን ቀጥላለች። የሁለቱ ልጆች ግቢ አንድ፣ ውጤታቸውም ተቀራራቢ ነበር። ልዩነቱ እሷን አገሩን የሚያውቅ ሰው መከራት፣ እሱን ግን የማናውቀው እኛ መከርነው።

ለእናቲቱም ለልጁም በኮሚቴው ስም ይቅርታ ጠይቀናል። ልጁ በግል ተፈትኖ ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቦታ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም በአገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተማሪ 3 ገደማ ናቸው። በ2016 ዓ.ምም ቢሆን ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ወንፊት ተጣርቶ ያለፈ ልጅ በአየር ምክንያት ከቤት ሲቀር ያሳዝናል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። የደጋ ሰው ቆላን የሚፈራው ስለ ቀበጠ አይደለም። አባቶቻችን ቆላ ወርደው ቢያርሱም ማደሪያቸውን ደጋ ላይ ያደርጉ የነበረው በምክንያት ነው። በ1951 ዓ.ም ወባ ብዙ ጊዜ ወደማትወጣበት ከፍታ ወጥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመችና ወደ 150,000 ሰው እንደ ገደለች ይገመታል። በቅርቡም፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም፣ ወባ በአገራችን እንደገና በርትታ ነበር። ስለዚህ «ወባ የለም፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ» የሚል ምክር ከእኛ አትሰሙም።

ነገር ግን ፍርሃቱ ልክ ይኑረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መቶ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይጨምራል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ይታለፋል፣ ወደ አቃቂ ሲወረድ ደግሞ 2,100 አካባቢ ይደረሳል። ጠዋት እንጦጦ ማርያም ተሳልሞ ከሰዓት አቃቂ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሹራቡን የት እንዳወለቀ ያውቃል።

በዚህ መሠረት ከተሞቹን እንያቸው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእኛ ትበርዳለች። ጎንደር 2,100 አካባቢ ናት። ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናቸው። ጅማም ከዚያ ብዙ አትርቅም። አርባ ምንጭ 1,300፣ ድሬዳዋ 1,200 ይጠጋሉ። ጋምቤላ 500፣ ሰመራ ደግሞ ከ400 ሜትር ትንሽ በላይ ላይ ናቸው።

ወባ በብዛት የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ልጆቹ «አየሩ አሪፍ ነው» የሚሏቸው ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከ2,000 በታች ናቸው። ወባ እዚያም አለች። ሐይቁ ዳር ፎቶግራፍ ስንነሣ አናያትም እንጂ እሷ ታየናለች። እናት ልጇን ከጋምቤላ አስቀርታ ባሕር ዳር ስትልክ ወባን ያመለጠች ይመስላታል፤ አጎበሩንም ሳትገዛለት ትቀራለች። እውነት ነው፣ ጋምቤላ ትብሳለች። ጥንቃቄው ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል። እኛ አዲስ አበቤዎች ወባ በሌለበት ስላደግን ሰውነታችን አይቋቋማትም፤ ቶሎ ትጥለናለች።

ጊዜውንም ማወቅ ይጠቅማል። ወባ የምትበረታው ክረምቱ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። አዲስ ተማሪም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ «ደርሼ አይቼ እገዛለሁ» አይባልም፤ አጎበሩ ከሻንጣው ጋር ይሄዳል። ትንኟ የምትናከሰው በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ነው። ትኩሳት የተሰማው ልጅ «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተኛ፤ በዕለቱ ይመርመር። የተሰጠውንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ በግማሽ አይተው።

ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጋምቤላ የምትከፋው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ድሬዳዋና ሰመራ የሚከብዱት ወደ ግንቦትና ሰኔ ሲሆን ሰመራ ላይ ያን ጊዜ 40 ዲግሪ ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን እኛ እዚህ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ እዚያ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። አዲስ ገቢ ልጅ በቀዝቃዛው ወር ከደረሰ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ይለምደዋል። የአገሩ ሰው የሚያደርገውን አይቶ ማድረግ ነው፤ ጠዋት ሥራ፣ እኩለ ቀን ጥላ፣ ውሃ ሳይጠማ መጠጣት፣ ቤት ውስጥ ሽርጥ። አፋሩ ሽርጥ የሚያገለድመው ሱሪ አጥቶ አይደለም።

ስለ ብርዱ ደግሞ እንናገር፤ እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የምንታለለው። «ብርድ ለምደናል» እንላለን። የለመድነው ግን የካዛንቺስን ብርድ ነው፤ ግድግዳ ከግድግዳ ተጣብቆ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ በአንድ አልጋ ሁለት ሦስት ሆነን የተኛንበትን። ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ የሚወርድበት፣ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ብርድ ልብስ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ብርድ ልብስ የሚሠራ አገር ለምን እንደሚሠራው ያውቃል። ከሰፈራችን አንድ ልጅ ወደ አንድ ብርዳማ ከተማ በአንድ ስስ ጃኬት ሄዶ አስም ያለበት መሆኑንም ለማንም ሳይናገር ከርሞ በጥር ታሞ መጥቷል። ቆላ ቢሆን እናቱ አጎበር ትገዛለት ነበር። ደጋ ስለሆነ ማንም አላሰበለትም። ያልፈራነው ነገር ነው የጎዳን።

ሌላው መነሣት ያለበት ጉዳይ፣ «አየሩ አይስማማውም» የምንለው ሁልጊዜ ስለ አየር አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ መንገዱን ይፈራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየመንገዱ የደረሰውን ስለምናውቅ ይህ የሚያሳፍር አይደለም። አንዳንዱ የትራንስፖርት ገንዘብ የለውም፤ የለኝም ከማለት «ሙቀት ነው» ማለት ይቀለዋል። አንዲት እናት ደግሞ በእውነቱ ልጇ ከአጠገቧ እንዲርቅባት አትፈልግም። ይህ ሁሉ ሰዋዊ ነው። ነገር ግን ስሙን ለውጠን ከተናገርነው መፍትሔ አይገኝለትም። ችግሩ ገንዘብ ከሆነ ማኅበር አለ። መንገድ ከሆነ እዚያው ዩኒቨርስቲ ያሉ ተማሪዎችን ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ ከሌሎች ጋር አብሮ መሄድ፣ ቢያስፈልግ ሌላ መምረጥ ነው። ናፍቆት ከሆነ ደግሞ ናፍቆት ነው፤ ይለመዳል። ለአየር የሚሆን መድኃኒት ለመንገድ አይሆንም።

ከማኅበራችን አዛውንቶች አንዱ በ1967 ዓ.ም ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከወጡት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን መካከል ነበሩ። «አየሩ ተስማምቷችሁ ነበር ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁና «እኛን ማን ጠይቆን!» አሉ። ከዚያ ቀጥለው እንዲህ አሉን፤ «ቆላውን በሄድኩ በወሩ ለመድኩት። ያልለመድኩት ተመልሼ ስመጣ የናንተን ብርድ ነው።» ያን ጊዜ ለልጅ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ከአርባ በላይ ሆነዋል፤ ምርጫው ሰፋ። መምረጥን ግን በደንብ አልተማርንም።

ከዚህም ሌላ፣ የአንዳንዱ አገር አየር ራሱ ትምህርት ቤት መሆኑን እንርሳ አንበል። በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከጎኑ ወባ ሕዝቡን የፈጀችበት የደንቢያ ሜዳ ነበር። ተማሪዎቹ በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመንደር አይተውታል። በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ምንጮቹ ስም ባወጡላት በአርባ ምንጭ ነው። ጅማም ግብርናን ስታስተምር የቡና አገር ሆና ነው። ስለ ውሃ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ግመል፣ ስለ ቆላ በሽታ ሊማር የፈለገ ልጅ ወይና ደጋ ላይ ተቀምጦ «ቀዝቀዝ ያለ አገር ስጡኝ» ቢል ትምህርቱን ትቶ አልጋውን መረጠ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል በእርግጥም በአየር ምክንያት መምረጥ ያለበት ልጅ አለ። አስም ያለበት ልጅ ብርዳማና አቧራማ አገር ሊጎዳው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያበላሽበት ማወቅ አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ውሃ ባርሶ በሚቀመጥ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ማቆየት የሚያውቁት ብልሃት ነው፤ ሐኪሙን ግን ይጠይቅ። እንዲህ ያለ ልጅ ሕመሙን መደበቅ የለበትም። የሕክምና ማስረጃውን ከምደባ በፊት አሟልቶ በትምህርት ቤቱ በኩል ያመልክት። ከምደባ በኋላ ከቤት መቅረት ማመልከቻ አይደለም። «አዲስ አበባ ካልሆነ አልሄድም» የምትሉ ልጆችም ዕወቁ፤ የራስ ገዝ ዩኒቨርስቲዎች ዐዋጅ በ2015 ዓ.ም ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። መፈለግ ብቻ አያስገባም።

በመጨረሻም ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለውይይት ያቀርባል፤

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ምርጫው ከመሞላቱ በፊት በቅድሚያ ትምህርቱን፣ ቀጥሎ መንገዱንና ወጪውን፣ ከዚያ በኋላ አየሩን እንዲያይ። በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም ካለ ግን አየሩ ይቅደም።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ። ጋምቤላ የነገደ፣ ድሬዳዋ የተወለደ፣ ጎንደር ያገለገለ፣ አርባ ምንጭ የኖረ እጁን ያውጣና ስሙን ያስመዝግብ። ከእንግዲህ ወላጅ ምክር ሲጠይቀን ኮሚቴው በገዛ ራሱ አይመልስም፤ አገሩን ወደሚያውቀው አባል ይልካል።

ሦስተኛ፣ ከዕቃ ቤታችን አንድ ሣጥን ለተማሪ ይለይ። በውስጡ አጎበር፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሹራብና ሻንጣ ይቀመጥ። ቆላ የሚሄደው አጎበሩን፣ ደጋ የሚሄደው ብርድ ልብሱን በፊርማ ይውሰድ፤ ሲመረቅ ለሚቀጥለው ልጅ ይመልስ። ድንኳንና ድስት ለለቅሶ ካዋስን ብርድ ልብስ ለትምህርት ማዋስ አያቅተንም። በቤታችሁ የተረፈ ያላችሁ ከሚመጣው መዋጮ ቀን ጋር ይዛችሁ ኑ።

አራተኛ፣ ምደባው ሲወጣ የማይፈልገው አገር የደረሰው ልጅ ቢኖር ወላጁ ከምዝገባው ቀን በፊት ለኮሚቴው ያሳውቅ። ሌሊትም ቢሆን በሩ ይንኳኳ። በዚህ ሰፈር ከእንግዲህ አንድም ልጅ ሙቀት ፈርቶ፣ ወይም እኛን ሰምቶ፣ ከቤት እንዳይቀር።

ልጆቻችን ሆይ፣ የደረሳችሁ አገር ቢሞቅም ቢበርድም ሰው የሚኖርበት አገር ነው፤ እዚያም እናት አለች፣ እዚያም ቡና ይፈላል። ውጤት እየጠበቀ ከኋላ ለተቀመጠው ልጃችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው፤ ያንን ቆላ እንደገና ቢደርስህ የመጀመሪያው አጎበር የኮሚቴው ነው። ጣቢያ ድረስም እንሸኝሃለን።

አሁን ወደ ውይይቱ እንግባ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ አመራር ኮሚቴው